የካድራ ከንፈር

እኔ ባሕር አላየሁም፤ የማውቀው ደቻቱን ነው፣
ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣ ድንገት በሌሊት ጎርፍ የሚሆነው።
እሱ ሲመጣ ይጮኻል፤ ድንጋይ ያንከባልላል፤
የተኛ ይነቃል፣ ልጁን አዝሎ ያመልጣል።

የጅቡቲው ግን ድምፅ የለው።
ዋበሪ፣ ወንድሟ፣ በስልክ የነገራት ይኼ ነው፦
«ባሕሩ ቀልቷል፣ ካድራ። ደም እንዳይመስልሽ፤
አረም ነው፣ ከአሸዋ የደቀቀ፤ ለብቻው ባይን አይታይሽ።
ዛጎሉ አፉን ከፍቶ ይጠጣዋል፤ እሱን ምንም አይለው፤
የበላው ሰው ነው ከንፈሩ የሚደነዝዝ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው።
ቢቀቅሉት አይለቅ፣ ሎሚ ቢጨምቁ አይሽር፤
ጀልባው ሁሉ ተገልብጧል፣ እንደ ኤሊ፣ በባሕሩ ዳር።»

ወሬው ባቡሩን ቀድሞ ደረሰ ቀፊራ፣
ዛጎል ቀምሶ የማያውቅ ሁሉ ዓሣ ፈራ።
በረዶዋ ቀለጠ፤ ድመቱ ብቻ ጠገበ።
በማግስቱ ካድራ ዘይት አጋለች፤ ሰው ከበበ።
የቀረውን አንድ ዓሣ ጠበሰች፣
አጥንቱን እየለቀመች፣ ቆማ በላች።
«ይኸው!» አለች።

ማንም አልገዛ።
ማንም አልሄደ።
ገበያው ሁሉ ቆሞ
ከንፈሯን ያያል።
እሷም፣ ሳታስበው፣
በምላሷ ዳሰሰችው።