ዘጠነኛው ጥያቄ

ደሴ ፒያሳ፣ ከባንኩ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ጦሳ ጉም ተከናንቦ በመስኮቴ ሲታይ፣
እኔ ዕድሜ እሰፍራለሁ።
ዕድሜን ከጤና ደምሬ፣ በሱስ አባዝቼ፣
አረቦኑ ይህን ያህል እላለሁ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ይመር ሙሄ መጣ፤
የጅቡቲ መንገድ ሾፌር፣ ከኮምቦልቻ የወጣ።
ወረቀቴን እንዳያቆሽሽ፣
ግሪስ የጠጣ መዳፉን በሱሪው ሲያሻሽ፣
«ጦይባ ናት» አለ፣ «እንቅልፍ የነሳችኝ፤
መኪናው ዋስትና አለው፣ ሾፌሩስ? ብላ ያስጨነቀችኝ።»

ጀመርን።
ስም። ዕድሜ፣ አርባ አንድ።
ስኳር፣ የለም። ግፊት፣ የለም። አስም፣ የለም።
አባትህ በምን ሞቱ?
«በሰባ ሰባት።»
እሱ ዓመተ ምሕረት ነው፣ የተጠየቀው በሽታው ነው፣ አልኩት።
ቀና ብሎ አየኝ። «እኛ ቤት በሽታም ነበረ።»
ክፍት ቦታው ላይ ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ፣
«አይታወቅም» ብዬ አለፍኩት።

ዘጠነኛው ላይ ደረስን።
«ባለፉት አምስት ዓመታት ሐሺሽ ወይም ሌላ የሚያደነዝዝ ዕፅ ተጠቅመዋል?»
ከጎኑ ሁለት ሳጥን፣ የጥፍር ያህል ጠባብ፤
አንዱ አዎ፣ አንዱ አይደለም፤
ቦታ የለው ለምክንያት፣ ቦታ የለው ለሰበብ።

ይመር በሩን አየ።
«ይኼ ወረቀት ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳል?»
አዲስ አበባ ነው የሚሄደው፤ ሐኪም አይቶት፣ ቁጥር ሆኖ ይመለሳል።

«እንግዲያ ስሚኝ» አለ።
«ሚሌ ላይ ነው። ሌሊቱም አይበርድ፤
ወገቤ ከሁለት ተሰብሮ፣ ከጋቢና መውረድ ሲከብድ፣
ረዳቴ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ሳብኩት፣ ተኛሁ እንደ ልጅ።
አንድ ቀን ብቻም አይደል። እየነዳሁ ግን ወላሂ አይደል፤
ቆሜ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ወትፌ እንጂ።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ።
አዎ ካልክ፣ አረቦኑ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤
አይደለም ካልክ ይረክሳል፤ ግን ርካሹ ነው የሚያስፈራው።
የመርሳዋ ስንዱ ትዝ አለችኝ። ለባሏ፣ ዓምና፣
«ማን ያየዋል» ብዬ፣ አይደለም ላይ ራይት አድርጌ፣
ኮሚሽኔን ቆጥሬ ነበርና።
ሞተ። ካርዱ ከሆስፒታል ወጣ። ደብዳቤ መጣ።
ማንበብ አትችልም፤ እኔው አነበብኩላት፣
«እውነቱ ስለተደበቀ ውሉ ፈርሷል»፣
የገዛ ራይቴን በገዛ አፌ።
እሷ ግን መርቃኝ ደረጃውን ወረደች፤
ምርቃቷ እስካሁን ከጉሮሮዬ አልወረደ።

ይመር ይህን ሰምቶ ሳቀ፤ ሳቁ ጥርሱ ላይ ቀረ።
«እሺ፣ ሀረጎን ስንት ብላችሁ ተመናችሁት?
ያን ጉም፣ ያን ጥምዝምዝ፣ የፍሬኑን ግማት?
የፊት ጎማዬ መላጣ ነው፤ የሱ ጥያቄ የታለ?
ሚሌ ቆሜ ያጨስኩት ነው የሚገድለኝ፣
ወይስ ቁልቁለቱ ላይ የሚፈነዳው?» አለ።

ካልኩሌተሬን ስቦ፣ በአውራ ጣቱ አሰላው።
የሁለቱ ሳጥን ልዩነት፣ በሁለት ዓመት፣
አንድ የፊት ጎማ ነው።
እሞታለሁ ካለ እውነቱን ይጻፍ፣
እኖራለሁ ካለ ጎማውን ይግዛ።
ይኼን እኔ አላልኩም፤ እሱም አላለ፤
ካልኩሌተሩ ብቻ መሃላችን በርቶ ቆየ።

«አብሽሪ» ብሎኝ ወጣ።
ቅጹ ዘጠነኛው ላይ አፉን ከፍቶ ሰነበተ።

ዓርብ ደወለ። ንፋስ፣ ክላክስ፣ የሞተር ማቃሰት፤
ከዚያ ሁሉ መሃል፣
«ሂሳቡን ለጦይባ ነገርኳት። አዎ በል አለችኝ። አዎ በይው።»
ራይት አደረግኩ፤ እስኪሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው።
ጎማውስ? ልለው አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ተቆረጠ።
ሀረጎ ላይ ሁሌም ይቆረጣል።

አሥረኛውን ቀጠልኩ። የተጠቃሚ ሙሉ ስም።
ጦይባ፣ ብዬ ጻፍኩ።
የአባቷን ስም አልጠየቅኩትም።