ሦስት ዜሮ

ሚያዝያ ሲጋመስ በፍኖተ ሰላም፣
ጧት የሚሉት ነገር ብዙ አይበረክትም፤
ፀሐይ ከላህ ማዶ ብቅ ካለች ወዲያ፣
ወተት ዕድሜ የለው እስከዚያች ገበያ።
እውነትና ንጋት እያደር ቢጠራም፣
ወተት ላይ ሲደርስ ተረቱ አይሠራም፤
እንኳን ሊያድር ቀርቶ ሲረፍድ ይቋጠራል፤
ስለዚህ ገበሬው ከወፍ ጋር ይነቃል።
ሁለት ወር የጾመው ከተማም ተርቦ፣
ይጠብቀኛል ጧት ደጃፌን ከብቦ።

ሥራዬ መጠርጠር ነው፣ ደመወዝ ያለው።
ወተት የሚያመጣው ሁሉ ጎረቤቴ ነው።
ያበልጄን ወተት ብልቃጥ ውስጥ ቀድቼ፣
ላክቶሜትር ጥዬ፣ ጎንበስ ብዬ አይቼ፣
ዘንጉ ዘቀጥ ካለ “ውሃ አለው” እላለሁ፤
ቀና ካለ ደግሞ ስሙን እጽፋለሁ።
ከዚያ አልኮል ይመጣል፣ እኩል ለእኩል ሆኖ፤
ደኅና ወተት ማለት አልኮል የማይጥለው
(የሰፈሬን ወንዶች በዚህ ነው የሚበልጠው)፤
የታመመው ወተት ወይም የቆየው ግን፣
ፍርፍር እያለ ያለብሳል ብልቃጡን።

እትዬ አንጓች ያን ቀን ሦስተኛ ነበሩ፤
ወይራ ወይራ ሸተተ የጣሳው አየሩ።
ውሃ የለበትም፣ ዘንጉ መሰከረ፤
አልኮሉ ሲነካው ወተቱ ተሰበረ።
“ድገመው” አሉኝ።
ደገምኩት።
ያው።
ሳልኩ ብሎ ከኋላ አንድ ጎረምሳ ሳቀ፤
የነጠላቸው ጫፍ ከትከሻ ወደቀ።
“እናትህ ስትታመም በማን ላም አደግህ?
ዛሬ በጠብታ እኔን ሌባ አደረግህ!”
ሌባ አላልኩም እኔ፣ መዝገቤም አላለም፤
“አንቀበልም” እንጂ ሌላ ቃል የለኝም።
ሰባቱን ሊትር አዝለው በመጡበት ሄዱ።

ማታ ሥራ ስፈታ፣ ከነጥቁር ጨርቄ፣
ቤታቸው ዘለቅሁኝ ይሉኝታዬን ንቄ።
ዲቃላ ናት ላሟ፣ ደሟ ግማሽ ፈረንጅ፣
ያለ ዛፍ ያለ ዳስ የታሰረች በደጅ፤
ምላሷን ጎልጉላ ታለከልካለች፣
የቆላን ወበቅ መች ለምዳ ታውቃለች።
ጥጃዋ ሦስቱን ጡት ጠብቶ፣ አራተኛውን ያልፋል፤
ያለ አልኮል፣ ያለ ዘንግ፣ ጥጃ ለካ ያውቃል!
በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ጠብ ሲል ከጡቷ፣
ነጭ ጤፍ መሰለ የሕመም ምልክቷ።
እትዬ አንጓች ጨርቁን በጣታቸው ዳሰው፣
“እኔ ልሙትልሽ” አሉ፣ ጆሮዋን ዳብሰው።
ለሷ ነው። ለኔማ ምንም አላሉኝም።

ሐኪም ስማቸው በሞተር መጣና፣
“ሦስት ቀን ይደፋ ወተቷ” አለና፣
ወግቷት ሄደ። የዚህን መድኃኒት ነገር፣
የኔ ዘንግ አያውቀው፣ አልኮሌም አይናገር።
ነጭ ነው፤ አይቋጠር፤ ወይራ ወይራ ይሸታል፤
ቢያመጡት በኔ እጅ እንደ ደኅና ያልፋል፤
ማታ የማን ሕፃን ጡጦ ውስጥ ይገባል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሳትወጣ ፀሐይ፣
እትዬ አንጓች ቆሙ፣ ሦስተኛ ሰልፍ ላይ።
ተራቸው ሲደርስ ጣሳቸውን ደፉት፤
ጠብታም አልወጣው።
“ጻፍ” አሉኝ። “ምን ልጻፍ?” “ምን አለኝ ልትጽፈው?
ባዶ ነው በልና በሰው ፊት ጻፈው።”
በነጋም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀንም።
ያ ጎረምሳ ያን ቀን አልሳቀም፣ አልሳለም።
በኋላ ሰማሁኝ፦ ውሻ እንዳይልሰው፣
ጓሮ ቀብረውታል ጉድጓዱን ምሰው።

ወሩ ሲጋመስ ሒሳብ ሠራተኛው መዝገቡን ገለጠ፣
ዜሮዎቹን አይቶ ፊቱ ተለወጠ፤
“ክፍት ነው የሚተው” አለኝ።
አልሰረዝኩትም።
ሰባት፣ ሰባት፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ሦስት ዜሮ፤
ከዚያ የጠራ ወተት አልፈተንኩም ዘንድሮ።

ላሟ አሁን ማንጎው ሥር ናት።
ዛሬ አምስት ሊትር።