ደም መላሽ

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ጤና ጣቢያው ደጃፍ፣ ግማሽ ቀን ጥበቃ።
እጄ ላይ የመድን ቢጫ ደብተር አለ፣
መዋጮው ተከፍሎ፣ ማኅተሙ ያልጎደለ።

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ዶክተሯ ካርዴን አይታ
ቁጥሩን ደገመችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
ዱቤ እንደምታስታውስ ባለሱቅ ተጠግታ።
«ከክንድሽ ደም ቀድተው፣ ባሕር ማዶ ልከው፣
ከደምሽ መካከል የፅንሱን ለይተው፣
መርፌ ሆድሽን ሳይነካ፣ ሳይደርስበት፣
ይነግሩሻል» አለች፣ «ምን እንዳለበት።»
ዋጋውን ስትጠራ ግን ወደ ግድግዳው ዞረች፦
የጉተማ የአምስት ወር ብየዳ፣
ያውም ምሳ ሳይበላ።

ልጥለው አይደለም ማወቅ የፈለግኩት።
የእህቴን ልጅ፣ ሚልኪያስን፣ ሲወለድ ያቀፍኩት
እኔ ነኝ። የዓይኖቹ ጫፍ ቀና፣ ጣቶቹ አጫጭር፣
ከንፈሩ ሰማያዊ።
«ብርድ ነው» አልን።
የልቡን ቀዳዳ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በጋቢ ሸፈንነው።
ቀድሞ ማወቅ ማለት ለኔ ይሄ ብቻ ነው፦
የቱ ሆስፒታል እንደምወልድ፣
በር ላይ ማን እንደሚጠብቀው።

«አይሸፈንም» አለች የመድን ጸሐፊዋ በመስኮት።
ሳምባ ምች ይሸፈናል፣ ታይፎይድ፣ ምጡም፣ ስፌቱም፤
ይሄ ግን ዝርዝሩ ላይ የለም፣ ስሙም የለም፣ ኮዱም።
ማኅተም ልታነሳ ብድግ ስትል አየሁት፣
የጋዋኗ ቁልፍ ሆዷ ላይ አልደርስ ብሏት።
«አንቺስ ተመረመርሽ?»
«እኔም'ኮ» አለች ፈገግ ብላ፣ «ደብተሬ ቢጫ ነው።»
ቀጥላ ተጣራች፦ «ሰባ ሦስት!»

ባጃጁ በጭቃው ሲንገጫገጭ ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩት።
ጉተማ ደወለ። «ማሽኑን ልሽጠው?»
«ከዚያስ በምን ልትበይድ?» ብዬ ዘጋሁት።
ልጅ ደም መላሽ ነው ይላሉ አባቶች፤
የኔን ደም ማን ወስዶ፣ ማን ይመልስልኛል?

ኮንዶሚኒየሙ በር ሚልኪያስ ቆሟል፣
ዛሬ አሥራ አራት ዓመቱ፣ ረዳት ሆኗል፤
መኪና የለው፣ ሾፌር የለው፣ «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ይላል።
ክንዴን ደግፎ አሳፈረኝ በሌለው ሚኒባስ፣
ሆዴን አየ፣ ትንሽ አሰበ፣
መዳፉን ዘረጋ፦
«ሁለት ሰው ነሽ። የሁለት ክፈዪ።»