ሐይቅ ዳር፣ ቤንጋሉሩ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ቦቴው ክላክስ ሲነፋ፣
ሙኒያማ ቆማለች ከጀሪካን ወረፋ።

ሲነጋ፣
አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ መስታወት ትወለውላለች፤
ሕንፃው «ሐይቅ ዳር» ይባላል፤
ሐይቁን ግን እሷ ብቻ ታያለች፦
እዚያ ሊፍቱ ከቆመበት፣ አባቷ መረብ ሲወረውር፤
እዚህ ዘበኛው ካንቀላፋበት፣ ጎሽ እስከ አንገቱ ሲነከር።

ደለደሉት። ሸነሸኑት። ካርታ አወጡለት።

ውሃ ግን ካርታ አያነብም፤
የሐምሌ ሰማይ ሲቀደድ፣ ድሮ የተኛበትን አልረሳም።
መኪናው እንደ ጀልባ ከምድር ቤት ተንሳፎ ሲወጣ፣
የማኅበሩ ሊቀመንበር ጮኸ፦ «ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?»

ሳሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ሙኒያማ አልመለሰችም።
አንዲት ዓሣ ቁርጭምጭሚቷን ነክታ አለፈች።
መንገዱን ውሃ ውጦታል፤
ዛሬ ቦቴው አይመጣም።