የሽምብራ ድምፅ

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ ከክትባት ክፍሉ ጀርባ፣
ሐሙስ ነው፣ ሦስት ሰዓት፤ ሰው አንድ በአንድ ገባ።
እኔ ነርሷ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ታዝዣለሁ፣
ቀለም በሚተፋ እስክሪብቶ ቀኑን ጽፌያለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሰባት ጣሳ፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣
አንዱ ጎኑ የተጨራመተ፣ አንዱ ከንፈሩ የሳሳ።
ዶክተር ምኒችል ተነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገና፦
«ገንዘባችን ጥቂት ናት፤ ሁሉም ጥያቄ አይጠና።
መዳን ለራቀው ልጅ ቀኑ እንዲቀልለት፣
የቱን እናስቀድም? ዳኙን፤ እናንተ ናችሁ ያያችሁት።
ለየሰው ዐሥር ሽምብራ፤ ልባችሁ በከበደው ላይ
ጣሉ ብቻ፤ አንዱ ሌላው የት እንደጣለ እንዳያይ።»

የመጀመሪያው ጣሳ፦ የሕመም ሽሮፕ ሲያልቅ በሌሊት፤
ሁለተኛው፦ ከሆስፒታል እስከ ማንኩሳ ያለው ርቀት፤
ሦስተኛው የእናት እንቅልፍ፤ አራተኛው የወንድም፣
ሳይታመም የተረሳ፣ «በላህ ወይ?» የማይባለውም።
አምስተኛው ጠበሉና ክኒኑ እንዳይጣሉ፤
ስድስተኛውን ረሳሁት፤ መዝገቡን ያየ ያውቃል።
ሰባተኛው፦ «ለልጁ ማን ይንገረው?»
ወደሱ የሄደ የለም።

ከጅጋ የመጣችው እንጉዳይ ዐሥሩንም ዘረገፈች
አንደኛው ጣሳ ውስጥ። ያንን ሌሊት አስታወሰች፤
ሽሮፑ ዐልቆ፣ ባጃጅ ጠፍቶ፣ ልጅቷ አንሶላ ነክሳ፣
ለጎረቤት እንቅልፍ አዝና፣ እስኪነጋ ድምፅዋን አሳንሳ።

ሙጭት በከንፈሯ ቆጥራ አንዷን ሦስተኛው ውስጥ ጣለች፣
ከእንቅልፏ ጣሳ። ቆየችና እጇን ሰድዳ አወጣች፤
«ልጄ እያቃሰተ እኔ ስለ እንቅልፍ?» ብላ ዐፈረች።
ጻፍኩት፤ ሰረዝኩት። በሰንጠረዡ
ኀፍረት የሚገባበት ዓምድ የለም።

መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ ቅኔ የሚያስቆጥሩ፣
ሰባተኛው ጣሳ ዘንድ ደርሰው ጥቂት ቆዩ፣ ሳይናገሩ።
ዐሥሩ ሽምብራ በመዳፋቸው ላብ ራሰ።
«እኔ ለልጄ» አሉ ኋላ፣ «‹ይሻልሃል› ስለው ኖርኩ፣
ሰሙን እያቀለጥኩለት፣ ወርቁን ከትራስ ሥር ሸሸግኩ።
እሱ ግን ማንም ሳያስቆጥረው፣ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው፣
ትናንት ማታ ‹አባ፣ ሰሙ ዐለቀ?› ብሎ ፈታው።»

ማንም አልመለሰም።
ውጭ ጄኔሬተሩ አንድ ሁለቴ አስሎ ተነሣ።

በሩ ገርበብ አለ። አዝመራው ነው፣ ያው ልጃቸው፣
ግድግዳ ይዞ የመጣ፤ ጫማዎቹ የኔ ናቸው።
መርፌው በፕላስተር ታስሮ ከእጁ ጀርባ ላይ፣
አራት ቀን እህል ያልቀመሰ፣ ጣሳ አላየ፣ ሐኪም አላይ፤
ካባቱ መዳፍ አነሣ፤ ሦስት ፍሬ። ወደ አፉ።
ዶክተሩ እጁን ዘረጋ፤ «ኧረ እሱ ድምፅ ነው!» ከአፉ
ሳይጨርሰው፣
ቀጭ።
ቀጭ፣ ቀጭ።
በዚያ ክፍል ከተሰማው ድምፅ ሁሉ የጠራው ይኸው።

መሪጌታ የቀሩትን ሰባት፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣
ሰባተኛው ውስጥ ጣሉ፤ ጣሳው ባዶ ነበርና
እያንዳንዱ ጮኸ።

ቆጠራው መቶ ዐሥራ ሰባት። ዶክተሩ ደገመው። ያው።
«መቶ ሃያ መሆን ነበረበት» አለ፤ «ሦስቱን ምን እንበላቸው?
‹ባዶ ድምፅ› ብለሽ ጻፊ።» እኔ ባዶ አላልኩም፤
በሰማያዊ ጣቴ እንዲህ ጻፍኩ፤ እስካሁንም አልሰረዝኩም፦

«መራጩ ሦስቱን ቆረጠመ።
ጨው የለውም አለ።»

ከዚያ ጨው ፍለጋ ወደ ወጥ ቤት ወጣሁ፤
የትኛው ጣሳ እንደቀደመ ስመለስ አልጠየቅሁ።