ተርታሪው

ሰፊው በሞላበት በሰኞ ገበያ፣
አባቴ እንድሪስ ባለሌላ ሙያ፤
አይሰፋም። ይተረትራል።

የሰልባጅ ካፖርት ያነሳና ክርኑን ይዳብሳል፣
ብብቱን፣ እጥፉን፣ ኮሌታውን ያስሳል፤
«ይኼስ ዘመኑን ጨረሰ» ይላል ለራሱ፣
የሳሙና ስባሪ ያወጣል ከኪሱ።
አንድ ጭረት በስህተት፣ ሁለትም በችኮላ፤
አራት ሲሆን ብቻ ነው ምላጩ የሚበላ።

ክሩን ይስባል፣ ከመነሻ እስከ መጨረሻ፣
እጅጌው ይሰናበታል ከትከሻ።
ቁልፉ ወደ ጣሳ፣ ክሩ ወደ መቃ፣
ካፖርት የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ በቃ።

በሳምንቱ የጦይባን ልጅ ሮቢት ስታልፍ አየኋት፣
ሹራቧ ላይ አንዲት ቁልፍ፣ መልሕቅ የተቀረጸባት፤
ባሕር አይቶ በማያውቅ ደረት ላይ፣
ጦሳን ብቻ በሚያይ።

እኔ ሆጤ ነኝ፣ ጠመኔ ይዤ፣ ሥነ ሕይወት።
«ያረጀ ፕሮቲን የት ይቀበራል?» አለችኝ ሰዓዳ።
«አይቀበርም» አልኳት፤ «ህዋስ መቃብር የለውም፣ ያለው ጓዳ።
ምልክቱ ዩቢኩቲን ይባላል፣ ያባቴ ሳሙና፤
ሥራው ሲያልቅ ወደ ኪስ ይመለሳል እንደገና።
በርሜል አለ፣ አፈ ጠባብ፣ ሆዱን ምላጭ የሞላው፣
አራት ጭረት የያዘውን መርጦ የሚበላው፤
ታጥፎ የኖረውን እንደ ክር ፈትቶ፣
በዚያች በጠባብ በር ስቦ አስገብቶ
ቀንጥሶ ያወጣል።
ለትልቁ ጓዝ፣ በበርሜሉ አፍ ለማይሾልከው፣
ላይሶሶም አለ፣ ኮምጣጣ ከረጢት፣ አቅልጦ የሚልከው።
በረመዷን፣ በሁዳዴ፣ ከውጭ የሚገባው ሲጠፋ፣
ያኔ ነው የከረጢቱ ሥራ የሚሰፋ።»
«የተቀነጠሰውስ?» አለች።
«ለጡንቻ፣ ለደም፣ ለቁስልሽ መጠገኛ።
ትናንት ማን እንደነበር የሚጠይቀው የለም።»
ደወል ተደወለ።

ዘንድሮ ግን ሱቁ ሞላ።
ካፖርት በካፖርት ላይ ተቆለለ፣ ምላጩ ዛገ፣
አባቴ ስፌቱን ይዞ ስሙን እየፈለገ።
ቦሩ ሜዳ ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ፤
«አንጎሉ ውስጥ ሳይፈታ የተከመረ ነገር አለ
ይመስለኛል» አለ።
ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነው፤
ግን እንደ አዲስ ሰማሁት።

ትናንት ማታ አጠገቡ ብቀመጥ እጅጌዬን ያዘ፣
ክርኔን ዳበሰ፣ ኮሌታዬን፣ ቀስ እያለ፣ እየተከዘ።
ሳሙናዋን አወጣ።
አንድ።
ሁለት።
ሦስት።
ቀና ብሎ አየኝ። እጁ አየር ላይ ቀረ፤
አራተኛው ሳይሰመር አደረ።

ሸሚዙን እስካሁን አላጠብኩትም።