አውራ ዶሮ በሌለበት

በዱሉዝ ከተማ አውራ ዶሮ ክልክል ነው፤
ሕጉ እንቁላል ጣይ ብቻ ነው የሚፈቅደው።
ስለዚህ ንጋትን የሚለፍፍ ጠፍቶ
ሥራው እኔ ላይ ወደቀ፣ ተረኛ አጥቶ፤
በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ወገቤን ደግፌ፣
ካልሲ በካልሲ ላይ፣ አካፋዬን አቅፌ፣
የቤታቸውን በር ቀስ ብዬ እከፍታለሁ።
ኩኩሉ አልልም። «ደህና አደራችሁ?» እላለሁ።

አምስት ናቸው፦ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማ፣
ጥቁሯ፣ ያቺ ኩሩ፣ ብትጠራም የማትሰማ፤
አምስተኛዋ ቀይ ናት፣ ስሟ ሊቀ መንበር፣
ጥሬ ሲንኳኳ ቀድማ የምትቆም ከበር።

በረዶ ሲጥል ግን ሁሉም እኩል ፈሪ፤
ሊቀ መንበሯም ብትሆን ያኔ አትሆንም መሪ።
አንድ እግር ይሰዳሉ፣ ነክተው ይመልሳሉ፤
አንገት ዘመም አድርገው እኔ ላይ ያፈጣሉ፣
ዓለምን በሌሊት ማን እንደሰረቃት
የማውቅ ይመስል፤ እኔ የደበቅኳት።

ጎረቤቴ ቶይቮ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ፣
ዶሮ ያወረሱት አያት ቅድመ አያቱ፣
«ብርድ አይደለም» አለኝ፣ «ዶሮን የሚገድላት፤
መቀመጥ ነው። ሥራ፣ ሥራ ፈልግላት።»

ያንኑ ቃል ሐኪም ነግሮኝ ነበር ለእኔ፣
ከመጋዘን መሰላል ወድቄ፣ በጎኔ
ስድስት ወር ከሶፋ ጋር ተጋብቼ ሳለሁ።
ሐኪሙን አልሰማሁ። ቶይቮን ግን ሰማሁ፤
ለዶሮዎቹ ነዋ።

ጥር ገባ። የሀይቁ ነፋስ ቆዳ ይልጣል፤
ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ከዜሮ በታች ይላል።
ማሞቂያ አምፖል ገዛሁ፣ ቀይ፣ የሽቦ ቆብ ያለው።
ቶይቮ አየና ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን ዋጠው።
«የወንድሜ በረት» አለ፣ ሌላ አልጨመረም።
አምፖሉን መለስኩት። ደረሰኝ አልጠፋኝም።

ትንፋሻቸው ሌሊት ጤዛ ሆኖ እንዳይወርድ
መስኮቷን ገርበብ አደረግኩ፣ ለእንፋሎቱ መንገድ።
ቆጡን በሰፊ ጣውላ ቀየርኩ፣ ሲያርፉበት
ጣቶቻቸውን በሆድ ላባ እንዲሸፍኑበት።
ውሃው ድንጋይ ይሆናል፤ ሰብሬ እጥላለሁ፣
ለብ ያለ እሞላለሁ፣ ተመልሼ እመጣለሁ።
ሲመሽ በቫዝሊን ቀዩን ዘውድ እቀባለሁ፣
እንደ ጳጳስ፤ አምስት ንግሥት አነግሣለሁ።
ጥቁሯ ትነክሰኛለች። ያለ ጠብ አትነግሥም።

የሥራው ነገር ደግሞ፦ ጥቅል ጎመን በገመድ ሰቀልኩ፣
እየዘለሉ እንዲነጩት፤ ሲለምዱት ከፍ አደረግኩ፤
እሱ ከፍ ባለ ቁጥር እጄም ተከተለ፣
ስድስት ወር ያልተንጠራራ ወገቤ «ቋ» አለ።
ቶይቮ ከሳውናው ምድጃ አመድ አመጣ፣ ባልዲ ሙሉ፤
ገብስማ ገብታ ተንከባለለች፣ ተከተሏት ሁሉ፣
ክንፍ ጥለው፣ ዐይን ጨፍነው፣
እንደ ጠበል።
ከዚያ ገለባ ጎዘጎዝኩ፣ በቆሎ ቀበርኩበት።
«ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የሚሉት
እኔ ግቢ አይሠራም፤ ወሰራ ጭራ ጭራ
ያወጣችው በቆሎ ነው፤ አንዴም የጠፋ ጓንቴን፣ የግራ።

እንቁላል? ከኅዳር ወዲህ የለም። ብርሃኑ አጥሯል።
አንድ አገኘሁ፤ ውርጭ ሰንጥቆት እንደ ድንጋይ ደርቋል።
ለማንም ሳልናገር ኪሴ ከተትኩት።

የካቲት፣ ቅዳሜ። በር ከፍቼ ስቆም
ጥቁሯ ወጣች። ወደ ኋላ አላየችም።
የዘረጋሁላት የገለባ መንገድ አለቀ፤
እሷ አላለቀችም። አንድ እግሯ በረዶው ውስጥ ጠለቀ፤
ሌላውን አነሣች፣ ወደ ደረቷ ሰብስባ
ቆመች ነጩ መሐል፣ ነጥብ፣ ባለ ላባ።

ፀሐይ ነበረች፣ ቀጭን። ምን እንደነካኝ እንጃ፤
አካፋዬን ጣልኩና፣ በሙሉ ቁመቴ፣
ኩኩሉ! አልኩ። ሁለቴ።

ከአጥሩ ወዲያ ተገለጠ መጋረጃ።
«ክልክል ነው!» አለ ቶይቮ፣ ከነፒጃማው።